ዘፋኙ የቆመበት ቦታ

ባለፈው እሑድ የእህቴ ልጅ ምሳ ጠርታኝ ሄድኩ። ከብርጭቆ የማትበልጥ ድምፅ ማጉያ ከስልኳ ጋር አገናኝታ ዘፈን ከፈተችልኝና «እንዴት ነው አክስቴ?» አለችኝ። ጥሩ ነው አልኳት። ድምፁ ሁሉ ከአንድ ጥግ ሲመጣ ግን ሐሳቤ ወደ ጭሮ ሄደ፤ ያኔ አሰበ ተፈሪ ወደምንላት ከተማ።

ዘመኑ የደርግ ነበር። እኔ ገና ሃያዎቹን የጀመርኩ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነኝ። እናታችን ሞታለች፤ ቤት ያለነው አባባና እኔ ብቻ። አባባ ዕድሜ ልካቸውን የጭነት መኪና የነዱ ሰው ነበሩ፤ ከአዋሽ እስከ ሐረር ያለውን መታጠፊያ በቃላቸው ያውቁታል። ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ ግን አልጋ ይዘው ቀሩ። እንግዳ ሲመጣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ፤ የሚበሉትም ተለምነው ነው። ሬዲዮ ስከፍትላቸው «ሰው ጣሳ ውስጥ ገብቶ የሚጮህ ይመስለኛል፣ ዝጊልኝ» ይሉኛል።

አንድ ጊዜ ድሬዳዋ ሰርግ ሄጄ ባለሁለት ሳጥን ስቴሪዮ ሰማሁ። ማሲንቆው በግራ፣ ከበሮው በቀኝ። ዓይኔን ብጨፍን ሰዎቹ አጠገቤ የተቀመጡ መሰለኝ። ወዲያው አባባ ትዝ አሉኝ። እንዲህ ያለውን እሠራላቸዋለሁ ብዬ ተነሣሁ፤ እንደሚሆንልኝ ለአፍታም አልተጠራጠርኩም።

በአስተማሪ ደሞዝ አዲስ መግዛት የማይታሰብ ስለሆነ መልቀም ጀመርኩ። ሚኤሶ ሻይ ቤት የከፈተ የአባባ የድሮ ረዳት፣ ክዳኑ የተሰበረ ግን አሳምሮ የሚያጫውት ቴፕ ሰጠኝ። እዚያው መንገድ ዳር ከወደቀ አውቶብስ ሁለት ስፒከር አስፈታልኝ። አንድ አናጢ ከአሮጌ በር ሳንቃ ሁለት ሳጥን ሠራ፤ ውስጡን የፍራሽ ጥጥ ጠቀጠቅኩበት። አምፕሊፋየሩን ያገኘሁት ሂርና፣ አህመድ የሚባል ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ነው።

አህመድ ነካክቶት «አንድ ጆሮው ደንቁሯል፤ በአንድ በኩል ብቻ ነው የሚያሰማው። አድነዋለሁ ኢንሻአላህ፤ ታገሺኝ ቲቸር» አለኝ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጫት በጫነ መኪና እመላለስ ጀመር። ብርዱ አጥንት ይገባል፤ የአህመድ ሚስት ግን ትኩስ ሁልበት የሚሉትን የአብሽ ወጥ በማሽላ እንጀራ ታቀርብልኝና ይረሳኛል። አሰበ ተፈሪ ስመለስ የአባባ እህት ትቆጣኛለች፤ ዓይኑ ለጠፋ ሰው ዘፈን ማምጣት በቁስሉ ላይ መጨፈር ነው ትለኛለች። እኔ ግን በሚቀጥለው ቅዳሜም እሄዳለሁ።

ማሽላው ሊታጨድ በደረሰበት ሰሞን፣ እሑድ ከሰዓት፣ አህመድ አምፕሊፋየሩን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ራሱ መጣ። አገናኘነውና ከፈትነው። ሁለቱም ሳጥኖች ይሠራሉ፤ ሆኖም አንድ ነገር ቅር አለኝ፤ ምን እንደሆነ ግን አላወቅኩትም።

አባባ እንደተለመደው ወደ ግድግዳ ዞረው ተኝተዋል። በዚያው እንዳሉ «ማሲንቆው እዚህ ነው፣ ከበሮው እዚያ» አሉ። «ዘፋኙ ግን ቦታ የለውም። የት ነው ያለው?»

እኔና አህመድ ተያየን። አባባ ስለ አንድ ነገር ከጠየቁ ወራት አልፈዋል። አህመድ ጥቂት አሰበና «ሽቦው ተገልብጦ ሁለቱ ሳጥኖች እየተጣሉ ነው» ብሎ የአንዱን ሳጥን ሁለት ሽቦዎች አቀያይሮ ዘፈኑን እንደገና ጀመረ። ዘፋኙ መጥቶ ከሁለቱ ሳጥኖች መሐል ቆመ።

አባባ ዞሩ። እግራቸውን መሬት አስነኩና ተነሡ። ልደግፋቸው ስል አህመድ ተይ በሚል በእጁ ምልክት ሰጠኝ። ቀስ እያሉ ሄደው መሐል ላይ እጃቸውን ዘረጉ፤ የሰው ደረት በሚሆንበት ከፍታ።

«እዚህ ነው» አሉ።

«አዎ ጋሽ ወርቁ፣ እዚያው ነው» አላቸው አህመድ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «እንግዳ ቆሞ ዝም ትያለሽ? ምሳ አቅርቢ እንጂ» አሉኝ። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ስወጣ አህመድን አጠገባቸው አስቀምጠው ስለ ሂርና መንገድ ይጠይቁታል። አብረውት በሉ።

በኋላ የድሮ ሾፌሮች እሑድ እሑድ ይመጡ ጀመር። አባባ ድምፁ የሚያምርበትን ቦታ እየመረጡ ያስቀምጧቸዋል። እንዲህ ሆነው ብዙ ዓመት ኖሩ።

አሁን በምኖርበት ሰፈር ጡረታ ከወጣ ወዲህ ከቤት መውጣት ያቆመ ጎረቤት አለኝ። ልጆቹ አይዞህ ሲሉት በአጥር እሰማለሁ። ማጽናናቱን እነሱ ይችሉበታል፤ አባባን ከአልጋ ያስነሣቸው ግን ማጽናናት አልነበረም። እኔ ነገ በሩን አንኳኳለሁ፤ አብረን ምን እንደምንሠራ እያሰብኩ ነው።