ሳይወርድ ያለፈው ብስክሌተኛ

ያን ቀን በሐይቁ ዳር መንገድ ሽው ብሎ ያለፋቸው ሰው የእህታቸው ልጅ ቼስክ እንዳልነበረ ጋስፐር ያውቁ ነበር ወይስ አያውቁም? ቼስክ ይህን ሲያወጣ ሲያወርድ ኖሯል፤ መልሱን ግን እስከ ዛሬ አላገኘውም።

ጋስፐር ቁጡ ሰው ነበሩ። በሽኮደር ከተማ ሽቦ ፋብሪካ ዕድሜያቸውን ሲፈጁ ያልተጣሉት አለቃ የለም። መኪና የባለሥልጣን ብቻ በነበረበት በዚያ ዘመን ብስክሌታቸው እግራቸውም ፈረሳቸውም ነበረች። ሚስታቸውን ከአባቷ ቤት ያመጧት ከፊት ብረቱ ላይ አስቀምጠው ነው፤ ዝናብ ስለነበረ በአንድ እጃቸው መሪውን፣ በሌላው ጃንጥላ ይዘው። ስትሞትም ቄስ ለመጥራት የከነፉት በዚያችው ብስክሌት ነው።

ታዲያ አንድ የጸደይ ሰሞን ብስክሌታቸውን ግድግዳ ላይ ሰቀሉና በእግር መሄድ ጀመሩ። ጉልበቴ ነው አሉ። ማንም ነገሩን አልመረመረም፤ የጋስፐርን ጉልበት የሚመረምር ሰው ስድብ ጠግቦ ነው የሚመለሰው።

በሽኮደር ሰው ወግ፣ ብስክሌት የያዘ ሰው የሚያውቀውን ሽማግሌ በእግሩ ሲሄድ ካገኘው ይወርዳል። ብስክሌቱን እየገፋ ጥቂት ያጅበዋል፤ ሽማግሌው «በል ውጣ» ሲለው ይወጣል። ማዘጋጃ ቤቱ ግን ቡና ከሚባለው ወንዝ ድልድይ እስከ ሺሮካ መንደር ያለውን የሐይቅ ዳር መንገድ አስፍቶ መሐሉን በነጭ መስመር ከፈለው፤ ወዲህ ለእግረኛ፣ ወዲያ ለብስክሌት። በብስክሌቱ በኩል መቆም ክልክል ነው የሚል ሰሌዳም ተከለ። ጎረምሳው ሁሉ ሰሌዳውን አሳብቦ መውረድ ተወ። ጋስፐር ደግሞ በእልህ በብስክሌቱ በኩል መሄድ ያዙ። ከኋላ ደወል ሲደወልባቸው መንገድ ሳይለቁ፣ «አባትህ ቤት ሄደህ ደውል» ይላሉ።

የቼስክ ሠርግ ሲቃረብ ነው ነገሩ የፈነዳው። ጋስፐር ወንዶች ወደሚሰበሰቡበት ብስክሌት መጠገኛ ገቡና ለተሰበሰበው ሁሉ ተናገሩ። የእህቴ ልጅ ትናንት ጠዋት እያየኝ ሳይወርድ አልፎኛል፤ ስሙን ብጠራ ዞር አላለም፤ ስለዚህ ሙሽራ ሊያመጡ ለሚሄዱት ሰዎች ሌላ መሪ ይፈልግ፣ እኔ የለሁበትም አሉ። የእናት ወንድም ከፊት ያልመራው አጀብ ደግሞ ለሙሽራይቱ ወገን ስድብ ነው። አባቷ በሬን አልከፍትም ብሎ መላኩ በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ተሰማ።

ቼስክ በዚያ ጠዋት ዳቦ ቤቱ ውስጥ እጁ ሊጥ ውስጥ ነበር። ይህንን ለሰሚ ሁሉ ተናገረ፤ ማን ይስማው። ሐሜት ያገኘ ሰው ምስክር አይጠራም። ዳቦ ሊገዙ የሚመጡት ሳይቀሩ፣ «ዛሬስ ከብስክሌት ወርደህ ነው ያቦካኸው?» እያሉ ይሳለቁበት ጀመር። ሌባ ቢሉት ይሻለው ነበር። ንዴቱ ሌሊት ጥርሱን ያፋጨዋል። የጋስፐር ጎረቤቶችም ሽማግሌው ብቻቸውን እየተራገሙ በክፍላቸው ሲንጎራደዱ እንደሚያድሩ ያወሩ ነበር።

እናቱ ሊና በልጇና በወንድሟ መሐል ተሰንጥቃ ቀረች።

«ይቅርታ ብትለው ምን ይጎድልብሃል?» አለችው።

«ላላደረግኩት?»

«ላደረገውማ ማንም ይላል።»

በመጨረሻ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቼስክ ከአጎቱ ጋር በሐይቁ ዳር እንዲሄድ አስማማቻቸው። እሷ ቀድማ ወደ ሺሮካ፣ ወደ ሙሽራይቱ ቤተሰብ በብስክሌቷ ሄደች፤ ልመና ይዛ።

ቼስክ ብስክሌቱን እየገፋ፣ ጋስፐር እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ በተከለከለው በኩል ሄዱ። ሽማግሌው ነጩን መስመር ሰደቡ፣ ቀቢውን ሰደቡ፣ የቼስክን ሟች አባት ሳይቀር ከመቃብር ቀስቅሰው ሰደቡ። ቼስክ መሪውን አንቆ ብስክሌቱን ገፋ። እውነቱን ፊታቸው ላይ ሊያፈርጥላቸው ቃሉን እያዘጋጀ ነበር።

ያኔ ሊና ከሺሮካ ስትመለስ ከፊታቸው መጣች። ወረደች። ታርቀው እንደሆነ ከፊታቸው ልታነብ ጓጉታ፣ ምንም ሳትናገር ወንድሟ ፊት ቆመች፤ እጇን ብትዘረጋ ትነካቸዋለች።

ጋስፐር ባርኔጣቸውን ነካ አደረጉ። «ደህና ይዋሉ፣ እመቤት» አሏትና አለፉ።

ሊና አፏን በእጇ ያዘች። እናትና ልጅ ተያዩ።

የቼስክ ንዴት አልበረደም፤ የሚያርፍበት ጠፋው እንጂ። ዓይኔ ፈዘዘ ከማለት የእህታቸውን ልጅ ስም ማጥፋት በቀለላቸው ሽማግሌ ተናደደ። የተሰቀለችውን ብስክሌት እያየ ወጥቶ በገባ በራሱም ተናደደ። አሁን አንድ ቃል ቢናገር፣ እናቱ ምስክር ሆና ስሙ በአንድ ቀን ይነጻል። ከዚያ ግን ጋስፐርን ብቻቸውን ወደ ሐይቁ የሚለቅ አይኖርም። ዓይኑ የማያይ ሰው አጀብ እንዲመራ የሚፈቅድም የለም፤ በክንዱ ተይዞ የሚቀመጥበት ወንበር ነው የሚፈለግለት።

ሮጥ ብሎ ደረሰባቸው። «አጎቴ፣ እኔ ነበርኩ። አይቼዎት ነው ያለፍኩት። ይቅር ይበሉኝ» አለ።

ጋስፐር ቆሙ። ወደ ውሃው ዞሩ።

«ሄልሜት አድርገህ ነበር?»

ቼስክ በሕይወቱ ሄልሜት የሚሉትን የራስ መከላከያ ቆብ አድርጎ አያውቅም። «አዎ» አለ።

«ምን ዓይነት?»

«ቀይ።»

«ቀይ አልነበረም» አሉ ጋስፐር፣ መንገዳቸውን እየቀጠሉ። ጥቂት ሄደው ደግሞ፣ «ቅዳሜ ሙሽራይቱን ልናመጣ በጊዜ እንነሳለን። ይቅር ብዬሃለሁ። ግን በሰው ፊት ውሸታም እንዳደረግከኝ በሰው ፊት ትናዘዛለህ፤ ዛሬውኑ» አሉት።

እናቱ ወንድሟን ወደ ራሷ ቤት ስትወስድ ቼስክ ወደ መጠገኛው ሄደ። ወንዶቹ ባሉበት በሩ ላይ ቆሞ፣ አጎቴ እውነታቸውን ነው፣ ያለፍኳቸው እኔ ነኝ አለ። አንዱ ሳቀ። ሌላው፣ «ታዲያ ያንን ሁሉ ቀን ሊጡን ምስክር ስትቆጥርብን የከረምከው ለምንድነው?» አለው። ቼስክ ፊቱ እንደ ምድጃ ነደደ። ወጥቶ ብስክሌቱን ግድግዳው ላይ ወርውሮ አጋጨውና ደወሉን ሰበረ።

እናቱ ስልክ ስትደውል የደወሉን ስብርባሪ ከመሬት እየለቀመ ነበር። ጋስፐር ከሐይቁ የወጣ ዓሣ በልተው፣ አጥንቱን ለቅመሽ አልሠራሽውም ብለው ተቆጥተዋት፣ ጫማቸውን ሳያወልቁ ሶፋው ላይ ጋደም ብለዋል። ያን ያህል ሌሊት የተንጎራደዱት ሰው እያንኮራፉ ነው አለችው። ከተማው ሁሉ ለማታው ሽርሽር ወደ ጎዳናው መውጣት ጀምሯል። ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ነበር።