የጠዋቱ ሽሮፕ

ሲስተር ወንበር ነበራት፤ ተቀምጣበት ያየ ሰው ግን የለም። የትምህርት ቤቱ ክሊኒክ ከደረጃው ሥር የተወሸቀች ክፍል ናት፤ አንድ አጭር አልጋ፣ አንድ የመድኃኒት ቁም ሳጥን፣ ወደ ሜዳው የሚያይ መስኮት። ነርሷ በአልጋውና በመስኮቱ መካከል ስትንቆራጠጥ ትውላለች። ጠዋት ጠዋት ደግሞ የግቢው በር ላይ ቆማ የሚገባውን ሕፃን ሁሉ ግንባር በመዳፏ ትዳስሳለች። ልጆቹ “እትዬ ግንባር” ይሏታል።

“ሲስተር፣ እኔንም ይንኩኝ እንጂ! ከሥራ የሚያስቀር ትኩሳት አላጣም” ይላታል ዘበኛው።

“ያንተ በሽታ በግንባር አይታወቅም፤ ወንበርህን ነው መንካት።”

ክሊኒኩ በር ላይ ራሷ በቀይ ቀለም የጻፈችው ማስታወቂያ ተለጥፏል፦ “ትኩሳት ያለው ልጅ ትምህርት ቤት አይመጣም።” በወላጆች ስብሰባ ላይ አንዲትን እናት ይህን በመጣሷ በሰው ፊት ተቆጥታታለች። ሴትየዋ የሆቴል ልብስ እጥበት ቤት አንሶላ ተኳሽ ናት። ያኔ አቀረቀረች። ያ ያቀረቀረ አንገት እስከ ዛሬ ከሲስተር ዓይን አልጠፋም።

ዛሬ ረፋዱ ላይ የዚያችኑ ሴት ልጅ መምህሯ እጇን ይዛ አመጣቻት። ጠዋት ቀዝቃዛ የነበረው ግንባር አሁን ይፋጃል።

የሲስተር እጅ ወደ ትኩሳት ማስታገሻው ሽሮፕ ተዘርግቶ መንገድ ላይ ቀረ። ሆስፒታል ስትሠራ ያየችው አንድ ሕፃን ትዝ አላት። እናቱ ሰጥታው፣ አባቱ ሳያውቅ ደግሞለት፣ አክስቱም በተራዋ ጨምራለት፣ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ነበር የመጣው። ከዚያ ወዲህ ሳትጠይቅ አንድ ጠብታ አትሰጥም።

“የኔ ቆንጆ፣ ጠዋት መድኃኒት ጠጥተሻል?”

ልጅቷ ጣሪያውን አየች። “አትናገሪ ተብያለሁ።”

“ማን ነው ያለሽ?”

“እሱንም አትናገሪ ተብያለሁ።”

ሲስተር ሳቋ መጣ። ሕፃን ልጅን እናትሽን አሳጪ ማለት አልሆነላትም፤ ስልኩን አነሳች።

“ደህና ነበረች፣ ሲስተር፤ ምንም አልሰጠኋትም” አለች እናትየዋ እየተጣደፈች። ከኋላዋ የካውያው እንፋሎት ያፏጫል። ስልኩ ተዘጋ።

ሲስተር ፎጣ አርጥባ የልጅቷ ግንባር ላይ አደረገች። መስኮቱን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። እናትየዋ እውነቷን ከሆነ መድኃኒቱን መከልከል ልጅቷን በከንቱ ማሠቃየት ነው። ካልሆነስ? እንደገና ደወለች። የእጥበት ቤቱ ካቦ አነሳው።

“ሥራ ላይ ናት!”

“ከልጇ ትምህርት ቤት ነው። ካላገናኘኸኝ በእግሬ እመጣልሃለሁ፤ እግሬ ደግሞ መቀመጥ አያውቅም።”

እናትየዋ ስልኩን ስትይዝ ሲስተር ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። “የኔ እህት፣ እንደዚያን ቀን አልናገርሽም። ግን ከዋሸሽኝ እኔም ሳላውቅ እሰጣታለሁ፤ ከተደራረበ ጉበቷን ይጎዳል። ምን ሰጠሻት?”

እናትየዋ ስልኩን ይዛ ከካውያው ራቅ አለች።

“ሽሮፑን… ሁለት ማንኪያ።”

“በምን ማንኪያ?”

“በሾርባ ማንኪያ። መለኪያው ጠፍቶብኝ ነው። ደግሞ በዛ ካለ እስከ ማታ ያቆይልኛል ብዬ። ከቀረሁ እኮ በቦታዬ ሌላ ሰው ያስገባሉ፣ ሲስተር።”

ሲስተር ጠርሙሱን ቁም ሳጥኑ ውስጥ ቆለፈችበት። “አሁኑኑ ነይ፤ ጤና ጣቢያ እንወስዳታለን። ካቦውን ስጪኝ።”

ለካቦው ምን እንዳለችው አይታወቅም፤ እናትየዋ ግን ሽርጧን እንኳ ሳታወልቅ እየሮጠች ደረሰች። ሐኪሙ ልጅቷን ከመረመረ በኋላ ቶንሲሏ መሆኑን ነገራቸው። የሽሮፑን መጠን ሲሰማ ግን ፊቱ ተለወጠ። “ለክፉ አልሰጣትም። ሌላ ተጨምሮበት ቢሆን ኖሮ…” አለ። እናትየዋ የሲስተርን እጅ ይዛ አልለቅ አለች።

በማግስቱ ቀዩ ማስታወቂያ በሩ ላይ አልነበረም። ሲስተር ግን እንደ ወትሮዋ የግቢው በር ላይ ቆማ ግንባር ትዳስሳለች፤ አሁን ለወላጆቹ በለሆሳስ የምትጨምረው ጥያቄ አላት፦ “ጠዋት ምን ሰጣችሁት?”

አንድ አባት ግራ ቀኙን ካየ በኋላ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለ። ሲስተር ሰምታው ራሷን ነቀነቀች፤ ከጋዋኗ ኪስ የመድኃኒት መለኪያ አውጥታ መዳፉ ላይ አኖረችለትና የልጁን እጅ ተቀበለችው።

“ዛሬስ ትንሽ አይቀመጡም፣ ሲስተር?” አላት ዘበኛው ወንበሩን እየገፋላት።

እሷ ግን ቀጣዩ ግንባር ላይ ደርሳ ነበር።