የጎረቤታችን ግሬፕፍሩት

እናቴ በመጨረሻዎቹ ወራት እግሯ ያብጥ ነበር። ልቧ ደክሟል ተባለና በሰውነቷ የተጠራቀመውን ውኃ በሽንት የሚያስወጣ ኪኒን ታዘዘላት፤ ጨውም ተከለከለች። ጨው የሌለበትን ሽሮ አንድ ሁለቴ ጎርሳ ሳህኑን ትገፋዋለች። ደስ ብሏት የምትበላው ጎረቤታችን ከጓሯቸው ዛፍ ቆርጠው የሚያመጡላትን ብርቱካን መሰል ፍሬ፣ ግሬፕፍሩት ብቻ ነበር።

ጎረቤታችን የሲዳማ ሴት ናቸው፤ ፕሮቴስታንት። እናቴ ደግሞ በአስተማሪነት ተመድባ ከጎንደር መጥታ ሐዋሳ የቀረች ኦርቶዶክስ ነበረች። ቢሆንም በጾም ቀን እናቴ እህል የምትቀምስበትን ሰዓት ከእኔ ይልቅ የሚያውቁት እሳቸው ነበሩ። ፍሬውን ራሳቸው ልጠው፣ መራራውን ነጭ ሽፋን አንስተው፣ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብለው ያጎርሷታል።

አንድ ቀን ጠዋት እናቴ አረፈች። ለቅሶ ላይ ድንኳን ውስጥ አንዲት ሴት ግሬፕፍሩት ከመድኃኒት ጋር እንደሚጣላ፣ ሰውም እንደሚገድል መስማቷን ለአጠገቧ ሰው ታወራ ነበር። ጎረቤታችን ከኋላዋ ተቀምጠዋል። ነጠላቸውን ተከናንበው ተነሥተው ወጡ፤ ከዚያ ወዲያ ደጃችንን አልረገጡም።

እኔም ልቤ አላርፍ አለኝ። የተረፉትን ኪኒኖች ይዤ እናቴን ታክማት ወደነበረችው ሐኪም ሄድኩ። ፍሬው ከአንዳንድ የደም ግፊትና የኮሌስትሮል መድኃኒቶች ጋር በእርግጥ እንደማይስማማ ነገረችኝ። እናቴ ትወስደው ከነበረው የሚያሸና ኪኒን ጋር ግን ጠብ እንደሌለው፣ ሌሎቹንም አንድ በአንድ አይታ የሚያሰጋ እንዳላገኘች አስረዳችኝ። የገደላት የልቧ ድካም ነው አለችኝ። ፒያሳ ስደርስ ታክሲ መያዝ አቅቶኝ በእግሬ እያለቀስኩ ሄድኩ።

ጎረቤታችን ቤት ስገባ ገና ሳልቀመጥ ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ እኔ ነኝ የገደልኳት?»

«አይደሉም፣ እማማ። ሐኪሟን ጠይቄ ነው የመጣሁት።»

የሰማሁትን ሁሉ ነገርኳቸው። አልበቃቸውም፤ ልጃቸውን ጠርተው ያንኑ በሲዳምኛ እንድትደግምላቸው አደረጉ። እሷ ስትጨርስ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው አለቀሱ። በለቅሶው ቀን እንዲያ ሲያለቅሱ አላየኋቸውም ነበር።

በሳምንቱ የመጥረቢያ ድምፅ ሰምቼ ብወጣ የግሬፕፍሩቱን ዛፍ እያስቆረጡ ነው። አላመኑኝም ማለት ነው ብዬ አዘንኩ። ቀስ ብዬ ጠጋ አልኩና ለምን እንደሚያስቆርጡት ጠየቅኋቸው።

«አምኜሻለሁ» አሉኝ። «ግን ባፈራ ቁጥር ለማን ልላጥ?»

የወደቁትን ቅርንጫፎች አብረን ወደ አጥሩ ጥግ ጎተትናቸው።