ኳስ ይዞ የማያውቀው

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ውስጥ አሜሪካ፣ ሲያትል ላይ የትምህርት ቤት አውቶቡስ እነዳ ነበር። በመኸር ወራት ዓርብ ዓርብ አንድ የሁለተኛ ደረጃ የፉትቦል ቡድን ወደ ግጥሚያ የማደርሰው እኔ ነበርኩ። ፉትቦል ስል የእኛን እግር ኳስ ማለቴ አይደለም፤ ያንን ሄልሜት ደፍተው እንደ ኮርማ የሚላተሙበትን ነው።

አሰልጣኙ ትከሻቸው በር የሚሞላ ሽማግሌ ነበሩ። በሃምሳዎቹ ዓመታት ፕሮፌሽናል ተጫዋች ሆነው፣ ጉልበታቸው ሲሰበር ወደ ማሰልጠኑ ገቡ። ከዚያ ወዲህ ዕድሜያቸውን በጎረምሶች ላይ ሲጮኹ ኖሩ። ሁልጊዜ ከኋላዬ ካለችው ወንበር ላይ ነበር የሚቀመጡት።

አንድ ዓርብ ግን ድምፃቸው ጠፋ። ጡረታ ሊወጡ ነው፤ የመጨረሻ ግጥሚያቸው ነበር።

«ኮች፣ ደህና ነዎት?» አልኳቸው በመስታወት እያየሁ።

«ደህና ነኝ። ዛሬ ብቻ መንገዱን አርዝመው።»

ሌላ ጊዜ እነሱ ሲጫወቱ እኔ አውቶቡሱ ውስጥ እንቅልፌን ነበር የምለጥጠው። ያን ቀን አላስቻለኝም። ፓርክ አድርጌ ወረድኩና ዝናቡ እየወረደብኝ አጥሩ ሥር ቆምኩ። ልጆቻችን በትንሽ ነጥብ እየተመሩ ጨዋታው ሊያልቅ ደረሰ። ኳሷ ከተቃራኒው ቡድን የመጨረሻ መስመር አጠገብ ደርሳለች፤ መስመሩን ይዟት የሚያልፍ ካለ አሸነፍን ማለት ነው። ሁሉም የሚጠብቀው ፈጣኑን ሯጭ ነበር። አሰልጣኙ ግን የቡድኑን ግዙፍ ልጅ ጠሩ። የእሱ ሥራ ተቃራኒዎችን እየገፋ ለሌሎች መንገድ መክፈት ነው፤ በግጥሚያ ላይ ኳስ ይዞ አያውቅም።

«ለእሱ ስጡት!»

ረዳታቸው ራሱን ያዘ። «ኮች፣ ይጥላታል እኮ!»

«ከጣላት የጣልኳት እኔ ነኝ!»

ልጁ ኳሷን እንደ ጨቅላ አቀፋት። አንዱ ወገቡን፣ ሌላው እግሩን፣ ሌላው አንገቱን ያዘው። እሱ ሁሉንም በጭቃው እየጎተተ ሄደ፣ ሄደ፣ እንደተሸከማቸው መስመሩን አልፎ ተዘረረ!

«እሰይ! እሰይ የኔ አንበሳ!» ብዬ በአማርኛ ጮህኩ። አጠገቤ የቆመች የማላውቃት ሴት ተጠመጠመችብኝ። «ልጄ ነው! የኔ ልጅ ነው!» እያለች ታለቅሳለች፣ ትስቃለች።

ስንመለስ አውቶቡሱ በዘፈን ሊፈነዳ ደረሰ።

«እንዴት ደፈሩ?» አልኳቸው አሰልጣኙን።

ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «እኔም እንደሱ መንገድ ከፋች ነበርኩ። ያን ሁሉ ዘመን ስጫወት አንድም ቀን ኳስ ይዤ አልሮጥኩም። የሰጠኝ ሰው የለም።»

ትምህርት ቤቱ ግቢ ስንደርስ ወላጆች በየመኪናቸው ይጠብቁን ነበር። ሽማግሌው የአውቶቡሱን ደረጃ ቀስ ብለው ሊወርዱ ሲሉ ከታች የቆመው ግዙፉ ልጅ ብድግ አድርጎ ትከሻው ላይ አወጣቸው።

«አውርደኝ አንተ! ጉልበቴን!» ይላሉ፤ ሳቃቸው ግን አላስጮህ አላቸው።

መኪኖቹ ክላክሳቸውን ለቀቁት። እኔም መሪው ላይ ተደፍቼ የአውቶቡሱን ትልቅ ክላክስ አስጮህኩት።