የጎረቤቴ ሽማግሌ

በጎረቤቴ እቀናለሁ። በቤቷ አይደለም፤ ቤቷ ከኔ ቤት ይጠብባል፣ ጣሪያውም ያፈሳል። በባሏም አይደለም፤ ደግ ሰው ነው፣ ግን ወሬ ከጀመረ ማቆሚያ የለውም። የምቀናባት እናቴን ስለወሰደችብኝ ነው። ይህን ስል የሚስቁብኝ ጓደኞች አሉኝ፤ ይሳቁ። የነሱ እናት ጠዋት ተነስታ፣ ፊቷን ታጥባ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ "መጣሁ" ብላ ሰው ቤት ስትውል አላዩም።

እናቴን በስፖንሰር ያመጣኋት እኔ ነኝ። ስንት ዓመት ወረቀት ሳሳድድ ከርሜ፣ ኤርፖርት ሄጄ አቅፌ የተቀበልኳት እኔ። ቤታችን ከኤግሊንተን ዌስት ጎዳና ገባ ብሎ ነው፤ ለባቡር ሲባል መንገዱ ተቆፍሮ በከረመበት ዘመን እንኳ ለሕክምናውም ለምኑም ይዣት የምዞረው እኔ ነበርኩ። ሥራዬ አረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው እናት ሳገላብጥ፣ ሳለብስ፣ ሳጎርስ እውልና ቤቴ ስገባ የራሴ እናት የለችም። ልጆቼን "አያታችሁ የት ሄደች?" ስላቸው ከስልካቸው ቀና ሳይሉ "ኔክስት ዶር" ይሉኛል።

ጎረቤቴ ከአገር ቤት ከመጣች ገና ጥቂት ጊዜዋ ነው። በሙያዋ ተወዳድራ የመጣች፣ ሥራዋ ኮምፒውተር ላይ ስለሆነ ከቤቷ የማትወጣ ሴት ናት። የልጆቿ አማርኛ ገና ከአፋቸው አልጠፋም። መጀመሪያ እናቴን "እማማ" ነበር የምትላት። ብዙም ሳይቆይ "እማዬ" አለቻት። እማዬ የኔ ቃል ነው። ወንድም እህት የለኝም፤ ከማንም ጋር ተካፍዬው አላውቅም። "እማዬ፣ ይህ መጋረጃ ይሆናል?" "እማዬ፣ ልጁ ትምህርት ቤት ተጣልቶ መጣ፣ ምን ልበለው?" ይህን በሰማሁ ቁጥር አንጀቴ ያራል። እኔ ቤት እናቴ ንግሥት ናት። ዕቃ አታነሳም፣ ልብስ አታጥፍም፣ ሐሳብ እንኳ እንዲገባት አልፈልግም። ንግሥት ዙፋኗን ትታ የሰው ሽንኩርት ልትልጥ ስትሄድ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

በረዶው ቀልጦ ቅጠል ሊወጣ ሲል አንድ ቀን ከባድ ንፋስ ተነሳ። የጎረቤቴ ሜፕል ዛፍ ከነሥሩ ተነቅሎ፣ በመሃላችን ያለውን የእንጨት አጥር ሰባብሮ ወደኛ ወደቀ። ግንዱ በሷ በኩል ቀረ፣ ቅርንጫፉ ሁሉ የኔን ጓሮ ሞላው። ተመስገን፣ ሰው አልተነካም። ግን አጥሩ ሲሄድ የኔም ሰላም አብሮ ሄደ። ከዚያ በፊት እናቴ ቢያንስ ኮቷን ለብሳ፣ ጫማዋን አድርጋ፣ በመንገድ በኩል ዞራ ነበር የምትሄደው። አሁን በነጠላ ጫማ፣ ቅርንጫፉን በእጇ ገለል እያደረገች፣ በፈረሰው በኩል ሹልክ ማለት ጀመረች።

ዛፉ ቶሎ እንዲነሳ፣ አጥሩም ቶሎ እንዲተከል ፈለግሁ። ዛፍ ቆራጮች መጥተው አይተው የጠሩት ዋጋ ያስደነግጣል። ለጎረቤቴ "ዛፉ ያንቺ ነው፣ አንቺ አስነሺው" አልኳት።

እሷም ረጋ ብላ፣ "ኢንሹራንሴን ኮል አድርጌ ነበር እህቴ። ጤነኛ ዛፍ ንፋስ ከጣለው ሁሉም በየግቢው ያለውን ነው የሚያነሳው አሉኝ" አለችኝ።

የኔንም ጠየቅሁ፤ ያንኑ አሉኝ። ይባስ ብው አልኩ። "ኢንሹራንስ የፈረንጅ ነገር ነው። እኛ እኮ ያገር ልጆች ነን፣ ጎረቤታሞች ነን" አልኳት።

"እንደሱ ከሆነ፣ እንደ አገራችን ሽማግሌ ይየዋ" አለች።

በገዛ አፌ ገባሁበት። ቢሆንም አልከፋኝም። ነገሬ ከዋጋው አልነበረም፤ ከጎረቤቴ ጋር መኳረፍ ነበር የፈለግሁት። ከተኳረፍን እናቴ ልጇን ያስቀየመች ሴት ቤት አትረግጥም፤ እናቴን አውቃታለሁ። ሽማግሌ ቢፈርድልኝ እሷ ታኮርፋለች፣ ቢፈርድብኝ እኔ አኮርፋለሁ። በየትኛውም በኩል እናቴ ወደ ቤቷ ትመለስልኛለች።

በኛ ወግ እያንዳንዱ ወገን የራሱን ሽማግሌ ይመርጣል። እኔ ብሉር ጎዳና አካባቢ የሚኖሩ አንድ የተከበሩ አዛውንት መረጥኩ፤ ስንት የተጣላ ባልና ሚስት ያስታረቁ፣ ንግግራቸው የሚደመጥ ሰው ናቸው። እሺ አሉኝ። ጎረቤቴም "እኔም አግኝቻለሁ" አለችኝ፤ ማን እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጓሮዬ ውስጥ፣ ከወደቀው ዛፍ ፊት ለፊት፣ ለሽማግሌዎቹ ሁለት ወንበር አወጣሁ። አዛውንቱ ሙሉ ልብስ ከነክራባታቸው ለብሰው መጡ። ትንሽ ቆይቶ ጎረቤቴ በፈረሰው አጥር በኩል እናቴን ክንዷን ይዛ ብቅ አለች። እናቴ ለቤተ ክርስቲያን የምትለብሰውን ኮት ለብሳለች። ልትመለከት የመጣች መሰለኝ። ቀጥ ብላ መጥታ ሁለተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

"እማዬ፣ እዚያ እኮ የሷ ሽማግሌ ነው የሚቀመጠው" አልኳት።

"አውቃለሁ" አለች።

አዛውንቱ ወደኔም ወደሷም አዩና ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉ። "ይህን ያህል ዘመን ሳስታርቅ የከሳሽ እናት የተከሳሽ ሽማግሌ ሆና አላየሁም። እስቲ አንቺ ተናገሪ፣ ትቃወሚያለሽ ወይ?" አሉኝ።

ምን ልበል? እናቴ አድሏዊ ናት ልበል? ወይስ እናቴን መልሱልኝ ልበል? ጥርሴን ነክሼ "አልቃወምም" አልኩ።

ሁለታችንም ቆመን ተናገርን። እኔ ስለ ተሰበረው አጥር፣ ስለ ጓሮዬ፣ ዛፉ የሷ ስለመሆኑ አንድ ሳላስቀር ዘረገፍኩ። እናቴ ከዚያ በፊት አይታኝ የማታውቅ ይመስል አንገቷን ቀና አድርጋ አዳመጠችኝና ትጠይቀኝ ጀመር።

"በሙቀቱ ጊዜ የዚህ ዛፍ ጥላ የት ነበር የሚያርፈው?"

"እኛ ጓሮ።"

"ልጆችሽ ጥላው ሥር ይቀመጡ ነበር?"

"ይቀመጡ ነበር።"

"ያን ጊዜ ዛፉ የማን ነው ትዪ ነበር?"

አዛውንቱ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የኔ ሽማግሌ መሆናቸውንም የረሱ መሰሉኝ።

ቀጥላ ወደ ጎረቤቴ ዞረች። "አንቺስ? ዛፉ እንደወደቀ መጀመሪያ ለማን ደወልሽ?"

"ለኢንሹራንስ" አለች ጎረቤቴ።

"የዚህችን በር ሳታንኳኪ? ልጆቹ ደህና ናቸው ወይ ሳትዪ? ዛፍሽ እኮ ነው ሰው ግቢ የወደቀው። እንዲህ ነው እንዴ ጉርብትና?"

ጎረቤቴ አንገቷን ደፋች። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ለአፍታም ደስ ብሎኝ ነበር። ግን እናቴ የምትቆጣት ልጇን እንደምትቆጣ አድርጋ ነው። በቁጣዋ እንኳ ቀናሁ። እኔን እንዲያ ተቆጥታኝ አታውቅም፤ እዚህ አገር ከመጣች ወዲህ እኔን የምታናግረኝ እንደ እንግዳ ተጠንቅቃ ነው።

"እስቲ ዞር በሉ" ተባልን። ከቤቱ ግድግዳ ሥር ቆመን ሲመካከሩ አየናቸው። እናቴ በእጇ ወደ ግንዱ፣ ወደ ቅርንጫፉ፣ ወደ ፈረሰው አጥር እያሳየች ታስረዳለች፤ አዛውንቱ ጎንበስ ብለው ይሰማሉ። እናቴ ይህን ያህል ስታወራ ቤቴ ውስጥ ሰምቼ አላውቅም። ጎረቤቴ በሹክሹክታ "እማዬን መምረጤን ሳልነግርሽ በመቅረቴ ይቅርታ" አለችኝ። እንዳልሰማ ሆንኩ።

ሲጠሩን አዛውንቱ "እርስዎ ይናገሩት" ብለው ለእናቴ ለቀቁላት። እናቴ ጉሮሮዋን ጠረገች። "ግንዱንና ሥሩን እሷ ታስነሳ። ቅርንጫፉን አንቺ። አጥሩን እኩል ሆናችሁ አስተክሉ። አጥሩም በር ይኑረው።"

"የምን በር?" አልኩ።

"የምወጣበት" አለች።

አዛውንቱ ሳል እንደያዘው ሰው አፋቸውን በመሐረብ ከደኑ። ከዚያ እንደ ወጉ "ተሳሳሙ" ተባልን፤ ተሳሳምን። ለመኳረፍ ብዬ የጠራሁት ሽምግልና አስታርቆኝ ቁጭ አለ፤ በሩም በኔ ግማሽ ክፍያ ይሠራል።

ባለቤቴ እንግዶቹን ወደ ውስጥ አስገባ። እኔ ወንበር ላነሳ ብዬ ቀረሁ፤ እናቴ ግን ካለችበት አልተነሳችም። መታገሥ አቃተኝ።

"እማዬ፣ ለምንድን ነው የሷ ሽማግሌ የሆንሽው?"

"ስለጠየቀችኝ ነዋ።"

"እኔስ ልጅሽ አይደለሁም?"

"ልጄ ነሽ። ለዚህም ነው መጀመሪያ አንቺን የጠበቅሁት።" የኮቷን ቁልፍ ቆለፈች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። "አንቺና ባልሽ ሽማግሌ ስትመርጡ እዚያው ሶፋው ላይ ነበርኩ። እገሌ ሥራ ይበዛበታል፣ እገሌ ወሬ ያወጣል፣ ስትሉ ሁሉንም ሰምቻለሁ። ወደኔ ዞር ትይ ይሆናል ብዬ ሹራቤን አስተካክዬ ተቀመጥኩ። ደወልሽ። ስልኩን ዘጋሽና 'እማዬ፣ ጥሩ ሽማግሌ አገኘሁ' አልሽኝ። እኔም እሰይ አልኩሽ። እሷ በማግስቱ መጥታ ጠየቀችኝ።"