በአባቴ ጀርባ ላይ ወደ ወረታ

የመርፌ አልኮል ሲሸተኝ ዛሬም ሰውነቴ ይሸማቀቃል። ትምህርት ቤት ሳልገባ የሳንባ ምች ይዞኝ ሆስፒታል ተኝቼ ነበር። ጠዋት ማታ መርፌ ስወጋ ከመሰንበቴ የተነሣ የነርሷን ኮቴ ስሰማ አልጋ ሥር እገባ ነበር። ስንወጣ ነርሷ ክትባት የሚባል እንዳላገኘሁ ሰምታ፣ ሳገግም ወረታ ጤና ጣቢያ እንዲወስዱኝ አባቴን አደራ አለቻቸው።

ጎረቤቱ ሁሉ «እንኳን እግዜር ማረሽ» ሊለኝ መጣ። አክስቴ ግን ከሞት አፍ የተመለሰች ልጅ ዳግመኛ ለምን ትወጋለች ብላ ተቆጣች። እናቴም ሳትቃወማት ስትቀር ከመርፌው የዳንኩ መሰለኝ።

አንድ ቀን ጠዋት አባባ በጋቢ ጠቅልለው አዘሉኝ። ወረታ ሲሉ ነገሩ ገባኝና የበሩን መቃን ይዤ አለቀስኩ። ክረምት ነበር። የፎገራ ሜዳ ውኃ ተኝቶበት፣ የሩዙ ጫፍ ብቻ ይታያል። ቄሱ አባቴ ጭቃውን እየረገጡ ሲሄዱ እኔ ጀርባቸው ላይ እንፈራገጣለሁ።

«አባባ፣ ይመልሱኝ። ሁለተኛ አልታመምም» አልኳቸው።

ውኃው መካከል ቆሙ። «ካንቺ በፊት ወንድም ነበረሽ» አሉ። «ኩፍኝ ወሰደብኝ። ፍትሐቱን አድርሼ የቀበርኩት እኔው ነኝ።»

ወንድም እንደነበረኝ ያወቅሁት ያኔ ነው። ለቅሶዬ ቆመ፤ ፍርሃቴ ግን ባሰ። ልጅም ይሞታል ለካ። አንገታቸውን ጥብቅ አድርጌ ያዝኩ።

ጤና ጣቢያው ሕፃን በታቀፉ እናቶች ተሞልቷል። ተራችን ሲደርስ የጤና ጣቢያዋ ነርስ አባባ ክንዴን እንዲይዙ ነገረቻቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። ከሆስፒታሉ መርፌ ይልቅ ይሄኛው ቀለለኝ፤ ሳላለቅስ አለቀ። አባባ ግን አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ትከሻቸው ሲርገበገብ ብዙ ቆየ።

«አባባ፣ አላመመኝም እኮ» አልኳቸው።

አባባ ዛሬ አርጅተዋል። ልጄን ባስከተብኩ ቁጥር ይደውሉና አተኮሳት ወይ ብለው ይጠይቃሉ። ባለፈው ክረምት ደፍሬ የወንድሜን ስም ጠየቅኋቸው። ነገሩኝ። በእኛ ልጅነት በየቤቱ ማለት ይቻላል፣ ሞቶ ስሙ የማይነሳ ልጅ ነበር። አሁን ማታ ማታ እናቶች ከየደጃፉ ሲጣሩ፣ የልጄ እኩዮች ከጨዋታቸው መካከል ሆነው ሁሉም አቤት ይላሉ።