በጓሮ በኩል የቆሙት ቋሚዎች

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ባለቤቴ አታውቀውም። ለንስሐ አባቴም ሌላውን ጥፋቴን ሁሉ በተራ ስናገር ይህን ዘልዬዋለሁ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን በየጊዜው። አስተማሪ ነኝ፤ ነገርን ከሥሩ ጀምሬ በቅደም ተከተል ማስረዳት እወዳለሁ። ይህን ግን በየት በኩል እንደምጀምረው ሳወጣ ሳወርድ ዓመታት አለፉ። አንባቢዬ፣ እንደ ንስሐ አባት ሆነው ይስሙኝ። ይፍቱኝ አልልዎትም። ይስሙኝ ብቻ።

ከኮሌጅ እንደወጣሁ የተመደብኩት ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት ነበር። በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰዎች መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ቀድመው እጅ ይነሱኝ ነበር። ያ ክብር ደስ ይለኝ ነበር። ክብሩን የሚመጥን ሥራ ለመሥራት ስለምጓጓም ሳልጠየቅ አስረዳ ነበር፤ ስለ ውሃ ማፍላት፣ ስለ መጸዳጃ ጉድጓድ፣ ስለ ችግኝ አተካከል። ተማሪዎቹ ከኋላዬ «መምህር ማለት» ብለው ይጠሩኝ እንደነበር የሰማሁት ቆይቼ ነው። «ይህ ማለት» ሳልል ዓረፍተ ነገር አልጨርስም ነበርና።

እማማ አንጓች ጎረቤቴ ነበሩ። ባላቸው በሞቱ ማግስት ማለት ይቻላል፣ የሣር ቤታቸውን ምስጥ ከሥሩ በልቶ አዘመመው። በዚያ አገር ምስጥ እንግዳ ነገር አይደለም። የማሳው ዳር ሁሉ ኩይሳ ነው፤ የልብስ ሣጥን እንኳ ድንጋይ ተደርድሮለት ነው የሚቀመጠው። እማማ አንጓች አንዱን በሬያቸውን ሸጠው ቆርቆሮ ገዙና ባሏን ፈትታ ከተመለሰች ልጃቸው ጋር የሚኖሩበት አዲስ ቤት ለመሥራት ተነሡ። «ከዚህ ወዲያ ሌላ ቤት የምሠራበት ዕድሜ የለኝም፤ ይሄን ምስጥ ከበላብኝ ያው ሜዳ ላይ ነኝ» ይሉ ነበር። ይህን ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ስለዚህ አላወቅሁም ነበር ማለት አልችልም።

መሬታቸውን የሚያርሱላቸው የባላቸው ታናሽ ወንድም አያ ልየው ነበሩ። የቤቱን እንጨት የመቁረጡም ሥራ የእሳቸው ሆነ። አያ ልየው እንጨት በመምረጥ ስም ነበራቸው፤ በአካባቢው ቤት የሚሠራ ሰው ሁሉ እሳቸውን ነበር የሚጠራው። በዚህም በግልጽ ይኮሩ ነበር። የሰው ቤት ሲገቡ መጀመሪያ ቋሚውን መታ መታ አድርገው ነው የሚቀመጡት።

እማማ አንጓች ሐሳባቸው ምስጥ በማይደፍረው በጥድ ለማሠራት ነበር፤ ሰከላ በኩል ካሉ ዘመዶቻቸው እስኪመጣላቸው ድረስ አንድ ዓመት ሊጠብቁ። እንዳይጠብቁ ያደረግኋቸው እኔ ነኝ። ከጓሯቸው ባህር ዛፍ እያለ ዓመት ሙሉ ለምን ይጉላሉ? ምስጥ የሚመጣው በአፈር ውስጥ ነው አልኳቸው። ከአፈር ጋር የሚነካካውን የቋሚውን ጫፍ በእሳት ለብልበን፣ ከጋራዥ የሚወጣ የተቃጠለ የሞተር ዘይት በደንብ ካጠጣነውና ጉድጓዱ ውስጥ አመድ ከነሰነስንበት፣ ባህር ዛፉም ብዙ ዘመን ይቆያል አልኳቸው። አያ ልየው ሳቁና፣ «እንግዲህ ምስጡም ተምሮ ካልመጣ በቀር ይሄን አያልፍም» አሉ።

የተናገርኩት ስሕተት አልነበረም። ይህን የምለው ራሴን ለማዳን አይደለም። ጥፋቴ ካለማወቅ እንዳልመጣ እንዲያውቁልኝ ነው።

እማማ አንጓች ጀሪካን ሰጡኝ። «ዘይቱን አንተው አምጣልኝ ልጄ፤ እኔ ደጉን ከክፉው በምን ለይቼ?» አሉኝ።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር። በዚያ አገር ልማድ የቤት እንጨት የሚቆረጠው ጨረቃ ስትጠፋ ነው። ጨረቃ ሳለች የተቆረጠውን ምስጥ ቶሎ ያገኘዋል ይላሉ። እኔ በዚህ እስቅ ነበር። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ «ምስጥ ቀና ብሎ ሰማይ አያይም» ብዬ ልጆቹን አስቄአቸዋለሁ። ይህን ቀልዴን ይያዙልኝ። አያ ልየው ግን ልማዱን ጠብቀው፣ ጨረቃ በጠፋችበት ሰሞን በሁለት ዙር ቆርጠው ጨረሱ።

ደቦው ሊወጣ አንድ ቀን ሲቀረው ቡሬ ሄድኩ። ጋራዡ ውስጥ ያለው ሰው ጀሪካኑን ሞልቶ ሰጠኝና፣ ክዳኑ ስለላላ ላስቲክ ከሥሩ አድርጌ እንዳስረው ነገረኝ። እሺ አልኩ። አይሱዙ ጭነት ላይ ተሳፈርኩ። አጠገቤ የተቀመጠው ገበሬ ምን እንደያዝኩ ጠየቀኝ። ከዚያ በኋላ ማን ያቁመኝ? ስለ ምስጥ ንግሥት፣ ስለ ሠራተኞቹ፣ ዝናብ ሲመጣ ክንፍ አውጥተው ስለሚበሩት ሁሉ እያስረዳሁ መንገዱን ጨረስኩ። ስወርድ ጀሪካኑ በጎኑ ተጋድሟል። ሳነሣው ቀለለኝ። ላስቲኩ ኪሴ ውስጥ ነበር። ዘይቱ ከጆንያዎቹ ሥር ሥር ሄዶ፣ በጣውላው ክፍተት መንገዱ ላይ ሲንጠባጠብ መጥቷል። ገበሬው ዝቅ ብሎ አየና፣ «ምስጡ መንገድ ላይ ጠብቆ ጠጣብህ መሰለኝ መምህር» አለኝ። የመኪናው ሰው ሁሉ ሳቀ።

ያ ሳቅ ነው ያሸነፈኝ። ትንሽ ነገር ነው አይደል? ትንሽ ነው። ነገሬ ሁሉ በሥርዓት ነው የምል ሰው፣ ተማሪ የቀለም ክዳን ሳይገጥም ሲቀር የምቆጣ ሰው፣ ክዳን ሳላስር ቀረሁ። በማግስቱ የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ እንደዚያው እንዲስቅብኝ አልፈለግሁም።

ደቦው ደግሞ አይመለስም። ጠላው ተጠምቋል፤ ሰው የየራሱን ሥራ ትቶ ቃል ገብቷል። የጠራችውን ደቦ የምትመልስ መበለት ሁለተኛ የሚመጣላት የለም። ይህ እውነት ነው። ግን ደቦውን መመለስ ያስፈልግ ነበር? አያስፈልግም ነበር። «ዘይቱ ፈሶብኛል፤ በጓሮ በኩል ያለው ለጊዜው ይቆይ» ማለት ይበቃኝ ነበር። ከሳቅ በላይ ምን ይመጣብኝ ነበር? ምንም።

ጠዋት የመቀባቱን ሥራ ለእኔ ተዉልኝ አልኩ። ማንም አልተከራከረኝም። የተረፈውን ዘይት በፊት ለፊትና በጎንና ጎን ለሚቆሙት ቀባሁ። በጓሮ በኩል ለሚቆሙት ሳይደርስ አለቀ። ያን ጊዜ ጀሪካኑን በውሃ አለቀለቅሁት። ከተለበለበው እንጨት የረገፈውን ከሰል ፈጭቼ ጨመርኩበት። በዚያ ቀባኋቸው። ጫፋቸው አስቀድሞ በእሳት ጠቁሯል፤ ጥቁር በጥቁር ላይ ማን ይለየዋል? ውሃ ቀባሁ። ከሰል የገባበት ውሃ ቀባሁ። ውሃና ዘይት እንደማይዋሃዱ ለልጆቹ በብርጭቆ ያሳየሁት እኔ፣ በዘይት ስም ውሃ ቀባሁ። እማማ አንጓች ጠላ ይዘውልኝ መጥተው እስከ ክንዴ የጠቆረ እጄን አዩና፣ «እጅህ ይባረክ» አሉ። ጠላውን ተቀብዬ ጠጣሁ።

በሳምንቱ ሌላ ዘይት አምጥቼ ሥር ሥሩን እየቆፈርኩ አጠጣዋለሁ ብዬ ነበር። ሳምንቱ አለፈ። ግድግዳው ተመረገ። ፈተና ደረሰ። ቆርቆሮው ከሩቅ ሲያበራ ሳየው ምናልባት መለብለቡ ብቻውን ይበቃው ይሆናል እል ጀመር። እንደማይበቃው አውቅ ነበር።

ጥቂት ክረምቶች አለፉ። አንድ ነሐሴ ከከባድ ዝናብ በኋላ በጓሮ በኩል ያለው ግድግዳ ወደ ውጭ ሆዱን ነፋ፤ ጣራውም በዚያ በኩል ተንጋደደ። ጎረቤት ሁሉ ድጋፍ ሊያደርግ ወጣ። ጭቃው ሲፈርስ ቋሚዎቹ ቅርፊታቸው ብቻ ቀርቶ ውስጣቸው አፈር ሆኖ ተገኘ። በፊት በኩል ያሉት ደግሞ እንደ ድንጋይ ጠንካራ ናቸው። ሰው ሁሉ ግራ ገባው። ግራ ያልገባኝ እኔ ብቻ ነበርኩ።

አበጀ የሚባል ጎረቤት ተናገረ። «አያ ልየው፣ አይቆጡኝ እንጂ የኋለኛውን ዙር ሲቆርጡ ጨረቃ ወጥታ ነበር። ቸኩለው ነው።»

«አልወጣችም» አሉ አያ ልየው።

«ወጥታ ነበር እንጂ። ይኸው እንጨቱ ይናገር የለ?»

አያ ልየው ወደኔ ዞሩ። «መምህር አሉ አይደል? ሁሉንም በእጃቸው ነው የቀቡት። ይንገሩን እስቲ መምህር፤ ዘይት እኩል የጠጣ እንጨት ለምን እኩል አይቆይም?»

ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። ከተማሪዎቼ አንዱ እንዲህ ብሎ ቢጠይቀኝ አስጨበጭብለት ነበር። መልሱም በእጄ ነበር። እማማ አንጓች ያዩኛል፤ ልጃቸው ታየኛለች፤ ሰው ሁሉ ይጠብቀኛል። እኔም እንዲህ አልኩ፦

«እኔ ሁሉንም እኩል ቀብቻለሁ። እንጨቱ ከአቆራረጡ ችግር ካለበት ግን ዘይት ብቻውን አያድነውም።»

ይህን እኔ ነኝ ያልኩት። ማንም አልገፋኝም። ምስጥ ሰማይ አያይም ብዬ ያሳቅሁት እኔ፣ የማላምንበትን ነገር በዕውቀት ልብስ አልብሼ በንጹሕ ሰው ላይ ጣልኩት። አበጀ ቢናገር ወሬ ነው፤ ሰው ይከራከረዋል። እኔ ስናገር ግን አለቀ፤ መምህር ብሏል።

አያ ልየው፣ «እሺ መምህር። እርስዎ ካሉ» አሉ።

እማማ አንጓች አልጮኹም፤ አልተሳደቡም። «የወንድምህ ቤት ነው ብዬ አምኜህ ነበር ልየው» ብቻ አሉና ወደ ውስጥ ገቡ። በሚቀጥለው የእርሻ ወራት መሬታቸውን ከአያ ልየው ወስደው፣ አርሶ ምርቱን እኩል እንዲያካፍላቸው ለአበጀ ሰጡት። ከጓሮ በኩል የቆርቆሮው ግማሽ ወረደ፤ እናትና ልጅ በተረፈው ግማሽ ከነከብታቸው ተጨናንቀው ኖሩ። አያ ልየውን እንጨት ይቁረጡልኝ ብሎ የሚጠራም ጠፋ። ደቦ ላይ አንዱ መጥረቢያ ሲያነሣ ሌላው «ጨረቃዋን አይተሃል? ኋላ እንደ ልየው እንዳትሆን» ይለው ነበር። አብሬ የሳቅሁበት ጊዜ አለ። ወደ ፍኖተ ሰላም ተዛውሬ ስሄድ ሻንጣዬን እስከ መኪናው መንገድ የተሸከሙልኝ አያ ልየው ናቸው። ልቀበላቸው ስል፣ «ተዉ፣ አስተማሪ አይሸከምም» አሉኝ።

አሁን ይህን ለምን እጽፋለሁ? ፍኖተ ሰላም ውስጥ የራሴን ቤት እየሠራሁ ነው። አናጺው ለምስጡ ምን እንዳሰብኩ ሲጠይቀኝ፣ ያ የማስረዳት ሱሴ ጥሎኝ ሄደ። መሠረቱን በድንጋይ ከፍ አስደርጌ፣ እያንዳንዱን ቋሚ ዘይት በተሞላ በርሜል ውስጥ ራሴ ነከርኩ። አንድም አልዘለልኩም። የራሴ ሲሆን አልዘለልኩም።

እንጨቶቹ ግቢው ውስጥ ተጋድመው ሳለ አያ ልየው መጡ። ዘመድ ሆስፒታል ተኝቶባቸው ሊጠይቁ ወጥተው፣ መምህርን ሳላይ አልመለስም ብለው ነው በሰው በሰው ቤቴን ያገኙት። አርጅተዋል። ጎንበስ ብለው አንዱን ቋሚ እንደ ድሯቸው መታ መታ አደረጉ።

«ጥሩ እንጨት ነው። ማን ቆረጠልዎ?»

ነገርኳቸው።

«ደግ አደረጉ። እኔን ባይጠሩኝ አይፈረድብዎትም።» እጃቸውን ከዘይቱ ጠረጉ። «እኔም እኮ መምህር፣ ያን ጊዜ አልወጣችም ብዬ ድርቅ አልኩ እንጂ፣ ኋላ ሳስበው ሳስበው ጨረቃዋ ወጥታ ኖሯል መሰለኝ። ምስኪን አንጓችን እኔው ነኝ ሜዳ ላይ የጣልኳት።»

ምሳ አቀረብኩላቸው። በሉ፣ መረቁኝ፣ ባጃጅ ይዘው ሄዱ። እኔ ያን ጊዜም ምንም አልተናገርኩም።

ቤቱን ነው ያፈረስኩት እል ነበር። ስማቸውን ነው ያጠፋሁት እል ነበር። ለካ በገዛ ዓይናቸው ያዩትን እንኳ ወስጄባቸዋለሁ። ይህን የሚያህል ነገር የምወስድ ምን ዓይነት አስተማሪ ነኝ?

ሐሰቱን የተናገርኩት ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ነውና፣ እውነቱንም በዚያው መንደር፣ በዚያው ሰው ፊት፣ እማማ አንጓች ባሉበት ካልተናገርኩት አይቆጠርም። እሄዳለሁ። ይህን የጻፍኩት እንደ ትምህርት ዝግጅት ነው፤ ቆሜ ስናገር እንዳልሸሽ። አሁን መልሼ ሳነበው ግን እዚህም ላይ ብዙ አስረድቻለሁ። ክዳኑ፣ ደቦው፣ ሳቁ። ይህ ሁሉ አያስፈልግም። እዚያ ስደርስ የምለው ይህን ብቻ ነው፦

ጨረቃዋ ጠፍታ ነበር፣ አያ ልየው። እንጨቱን በትክክል ነው የቆረጡት። ውሃ የቀባሁት እኔ ነኝ።